ተዛውሮ የጠወለገ ተክል ስለሚያገግምበት መንገድ

በየዶርማችን መስኮት ላይ በቀለም ጣሳ፥ በተቆረጠ ጀሪካንና በሃይላንድ ግማሽ ውስጥ ተተክለው የምናያቸው አትክልቶች አብዛኞቹ ከቤት የመጡ ናቸው። አንዱ እናቱ «ሆድህን ሲቆርጥህ» ብለው የሰጡትን ጤና አዳም፥ ሌላዋ ከአያቷ ጓሮ የነቀለቻትን እሬት፥ ሦስተኛው ደግሞ ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ በፕላስቲክ ከረጢት ያመጣትን የቡና ችግኝ ይዞ ይገባል። ዓመቱ ሲጀመር ሁሉም ደኅና ናቸው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ «ጣሳው ጠበባት» ብሎ ያዝንላትና ወደ ሰፊ ዕቃ ያዛውራታል። በሦስተኛው ቀን ቅጠሏ ይወድቃል። ባለቤቱ ደንግጦ ውኃ ይጨምራል፤ አሁንም ስትጠወልግ አሁንም ይጨምራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ተነቅላ የምትጣል ሆና ትገኛለች።

ነገሩ የመስኮት ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባልፈጀሁበት ነበር። ነገር ግን በጣሳ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ በተራራ ላይም ይሆናል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ እኛም ተማሪዎች እየወጣን የምንተክላቸው ችግኞች ከከረጢት ወደ መሬት የሚዛወሩ ናቸው። የሲዳማ ቡናም ከችግኝ ጣቢያ ወደ ማሳ ይዛወራል። እንሰት ደግሞ፥ ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል፥ ከመዛወር ጋር የተቆራኘ ኑሮ አለው። ስለዚህ አንድ ተክል ከቦታው ሲነቀል ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ለእርሻ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ትምህርት አይደለም። የሕግም፥ የሂሳብም፥ የሕክምናም ተማሪ መስኮት አለው።

በመጀመሪያ ስለ ሥር እንነጋገር። ተክሉን ስንነቅል በዓይናችን የምናያቸው ወፋፍራም ሥሮች ተክሉን በመሬት ላይ አቁመው የሚይዙና የተገኘውን ውኃ ወደ ላይ የሚያስተላልፉ ናቸው እንጂ፥ ውኃውን ከአፈር የሚጠጡት በዋናው እነርሱ አይደሉም። ይህን ሥራ የሚሠሩት በቀጫጭኖቹ ሥሮች ጫፍ አካባቢ የሚገኙት የሥር ጸጉሮች ናቸው። አንዱ የሥር ጸጉር ከአንድ ሴል ተመዝዞ የወጣ ነው፤ ዕድሜውም አብዛኛውን ጊዜ በቀኖች ወይም በሳምንቶች የሚቆጠር ነው፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ከእነርሱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ሃዋርድ ዲትመር የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ጥናት፥ በአንድ ሣጥን ውስጥ ለአራት ወር ያደገችውን አንዲት ራይ የምትባል የስንዴ ዘመድ ተክል ሥሯን አጥቦ ቢለካ፥ ሥሮቿ በአንድነት ሲቀጣጠሉ 623 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነው ተገኙ። ይህ እንግዲህ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። የሥር ጸጉሮቿ ቁጥር ደግሞ ወደ 14 ቢሊዮን ተገመተ። ሁሉም በአንዲት ተክል፥ በአንድ ሣጥን አፈር ውስጥ!

አሁን ይህችን ተክል አንዱ ሰው አንገቷን ይዞ ከጣሳው መዝዞ ቢያወጣትና አፈሩን ቢያራግፍ ከ14 ቢሊዮኑ ስንት የሚተርፍ ይመስላችኋል? ወፍራሞቹ ሥሮች ስላልተቆረጡ ባለቤቱ «ሥሯን አልነካሁም» ብሎ በእውነት ይምላል። ነገር ግን አፉን ቆርጦባታል።

በሌላው በኩል ቅጠሉ ሥራውን አላቋረጠም። እስጢፋኖስ ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ በማሰሮ የተተከለ ሱፍ ወስዶ፥ የማሰሮውን አፍ ውኃ እንዳይተን በእርሳስ ቆርቆሮ ከድኖ፥ ጧትና ማታ እየመዘነ ተክሉ በአንድ ቀን የብርሃን ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ውኃ በቅጠሉ በኩል እንደሚያወጣ አሳየ። ይህ ሙከራ ሚዛን ላለው ሰው ሁሉ ዛሬም የሚቻል ነው። ውኃው የሚወጣው በቅጠሉ ገጽ ላይ፥ ይልቁንም በታችኛው ገጽ በኩል ባሉት፥ ስቶማታ በሚባሉ ረቂቅ ቀዳዳዎች ነው። ተክሉ እነዚህን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ካላስገባ ምግቡን መሥራት አይችልም፤ ከከፈታቸው ደግሞ ውኃው ይወጣበታል። እንግዲህ ነገሩ እንደ ወር ደመወዝና ወጪ ነው። ወጪው እንደ ቀድሞው ሆኖ ገቢው ከግማሽ በታች ወረደ። ተክሉም ቀዳዳዎቹን በመዝጋት ወጪውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዘጋ ጊዜ ምግብ መሥራቱን ስለሚያቆም አዲስ ሥር የሚያበቅልበትን ስንቅ የሚያገኘው ካጠራቀመው ብቻ ነው። የተዛወረ ተክል ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ዝም ብሎ የሚቆመው ስለዚህ ነው። ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሥራው ከምድር በታች ሆኗል።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችን እጅ የሚሳሳትበት ነገር ይመጣል፤ እርሱም ውኃ ነው። ተክሉ የጠወለገው አፈሩ ስለ ደረቀ ሳይሆን የሚጠጣበት ሥር ስላነሰ ነው። አፈሩ አስቀድሞ እርጥብ ከሆነ ተጨማሪው ውኃ የሚሄደው ወደ ተክሉ ሳይሆን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ወዳሉት የአየር ክፍተቶች ነው። ሥር ደግሞ እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ ኦክሲጅን ይፈልጋል። አየሩ በውኃ ሲተካ ሥሩ ይታፈናል፥ ይሞታል፥ የሚያበሰብሱ ፈንገሶችም ይወርሱታል። ሥሩ ሲሞት ቅጠሉ ውኃ ያጣና ይበልጥ ይጠወልጋል። ባለቤቱም ይህን አይቶ እንደ ገና ውኃ ያመጣል። ከውኃ ጥም የመጣ መጠውለግና ከውኃ ብዛት የመጣ መጠውለግ ለዓይን አንድ መሆናቸው፥ እኔ እንደማምነው፥ ከማናቸውም በሽታ የበለጠ የቤት አትክልት ገድሏል።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? ቅጠሉን ትተን አፈሩን እንጠይቅ። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አስገብቶ ማየት በቂ ነው፤ ጣት ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ውኃ አያስፈልግም። ከዚህም የተሻለው ዕቃውን አንሥቶ ክብደቱን መልመድ ነው፤ የሳምንት ልምድ ያለው እጅ ሚዛን ይሆናል። ሰዓቱም ይናገራል። እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ሌሊቱን የሚቃና፥ ጧት ቀጥ ብሎ የሚገኝ ተክል ገቢና ወጪው ሊመጣጠን ጥቂት የቀረው ነው፤ አይነካ። ጎሕ ሲቀድም እንደ ወደቀ የሚገኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጠጥቶ መሙላት ያልቻለ ስለሆነ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ወይም ክሬም የሚመስል፥ ሲነካም ጠንከር ያለ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፥ ይልመጠመጣል፥ ልጣጩ በጣት ሲሳብ እንደ ካልሲ ይወልቃል፥ ይሸታልም። ግንዱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ በጥፍር ትንሽ መፋቅ ነው፤ ከልጣጩ በታች አረንጓዴ ከታየ ተስፋ አለ።

የከተማችንም ጠባይ በነገሩ ውስጥ ድርሻ አለው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፥ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተኛች ከተማ ናት። በክረምት ተክል ማዛወር ቀላል ነው፤ ሰማዩ ደመና፥ አየሩ እርጥብ ነው። እኛ ግን ከቤት ተመልሰን ዶርም የምንገባውና ጣሳ የምንቀይረው ዝናቡ ሲያቆም ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የቀትር ፀሐይና የከሰዓት በኋላው ነፋስ ከቅጠል ላይ ውኃን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ያደርቃል። በዚያ ላይ ጣሳው ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ውስጡ ያለውን ጥቂት አፈር ስለሚያግል ከጣሳው ግድግዳ አጠገብ ያሉት አዲስ ሥሮች ይቃጠላሉ። ስለዚህ የተዛወረን ተክል ለመጀመሪያው ሳምንት ብርሃን ከማያጣ፥ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ ከማትመታው፥ ነፋስም ከማይመላለስበት ጥግ ማኖር ከሁሉ የሚቀድም ሕክምና ነው። ምንም ዋጋ የለውም፤ ምናልባት የሚናቀውም ስለዚህ ይሆናል።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከደጋው የሲዳማ ወረዳዎች የሚመጡ ተማሪዎች ቀዩን አፈር አብረው ያመጣሉ። ያ አፈር በማሳ ላይ ሲሆን ጥልቅና ለም ነው፤ ትሎችና የዛፍ ሥሮች ስለሚበሳሱት አየር አያጣም። በጣሳ ሲታሸግ ግን ውኃ በተጨመረበት ቁጥር እየረጋ እንደ ጡብ ይሆናል። መድኃኒቱ በእጃችን አለ። በዚህ አገር እሳተ ገሞራ የተፋው፥ ቀዳዳው የበዛ፥ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነጣ ያለ ቀላል ድንጋይ ብሎኬት ሠሪዎች ፑሚስ እያሉ ይሠሩበታል። ይህ ድንጋይ እንደ ሽምብራ ፍሬ ተሰባብሮ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ውኃንም አየርንም በቀዳዳው ይይዛል። በሌላ አገር የአበባ ነጋዴዎች በከረጢት የሚሸጡት ነው። ሁለት እጅ አፈር፥ አንድ እጅ ፑሚስ፥ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ለአብዛኛው የቤት ተክል ይስማማል፤ ለእሬትና ለጤና አዳም ፑሚሱን ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱም እርጥብ እግር አይወዱምና።

ይሁን እንጂ ድንጋዩ ይደባለቅ እንጂ ከሥር አይነጠፍ። «ውኃው እንዲንጠፈጠፍ» እያሉ ከጣሳው ወለል ላይ ጠጠር መደርደር የተለመደ ነው፤ የሚገርመውም ሥራው ተቃራኒ መሆኑ ነው። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፋፊ ክፍተት የሚወርደው ከላይ ያለው ደቃቅ አፈር በውኃ ከጠገበ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ደቃቁ አፈር ስቦ ይይዘዋል። ስለዚህ ከሥር የተነጠፈው ጠጠር ያንን የረጠበ ንጣፍ ከጣሳው ወለል አንሥቶ ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ይህን የሚጠራጠር ሰው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውኃ ነክሮ በጠፍጣፋው ይያዘው። መንጠብጠቡን ሲያቆም በቁመቱ ያቁመው፤ እንደ ገና ይንጠባጠባል። ስፖንጁ አልተለወጠም፥ ቁመቱ ብቻ ተለወጠ። ከዚህ የምንማረው ጠለቅ ያለ ዕቃ ጠፍጣፋ ከሆነው ይልቅ ውኃ የሚያፈስ መሆኑን፥ በጠጠር የተሞላም ጣሳ ራሱን ያሳጠረ መሆኑን ነው። ከታች ሦስት አራት ቀዳዳ በምስማር መብሳት ግን ግዴታ ነው። የአዲሱ ዕቃ ስፋትም ከአሮጌው በሁለት ወይም በሦስት ጣት ብቻ ይብለጥ። ትንሽ ሥር በትልቅ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ የማይጠጣው አፈር በዙሪያው ረግረግ ይሆንበታል።

አሁን ወደ እንሰት ልውሰዳችሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከእንሰት አምራቾች የበለጠ መምህር የለንም። እንሰት በእኛ አገር ከዘር አይባዛም ማለት ይቻላል። ገበሬው ገና ያልደረሰ ተክል መርጦ ሐሰተኛ ግንዱን ይቆርጥና የምድር ውስጥ እብጠቱን፥ አሚቾውን፥ መካከል ላይ ያለውን የዕድገት እምብርት ቦርቡሮ ያወጣል። ከዚያ አሚቾውን ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። እምብርቱ ሲጠፋ በዙሪያው ተኝተው የነበሩት እምቡጦች ሁሉ ይነቃሉ፤ ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠሩ፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ የሚበልጡ ችግኞች ይወጣሉ። እነዚህ ተነቅለው ይዛወራሉ። በጉራጌ ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ደጋግሞ የማዛወር ሥርዓት የታወቀ ነው፤ በሲዳማ የማዛወሩ ቁጥር ያነሰ ነው። ታዲያ ይህን ያህል የተነቀለ ተክል ለምን አይሞትም? ሲነቀል ያረጁት ቅጠሎችና የተጎዱት ሥሮች ይከረከማሉ፤ ይህ ማለት ሥሩ ሲያንስ ቅጠሉም አብሮ እንዲያንስ ተደረገ ማለት ነው። ሄልስ በሚዛን የደረሰበትን ነገር ገበሬዎቻችን በቢላዋ ያውቁታል። በዚያ ላይ አሚቾው በስታርችና በውኃ የተሞላ ጎተራ ነው። የቅጠሉ ፋብሪካ ለጊዜው ቢዘጋ አዲሱ ሥር ከጎተራው እየበላ ይወጣል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ የመስኮቴንም ተክል ልከርክመው» የሚል ሰው ይኖራል። ቆም ይበል። ጤና አዳምና የቡና ችግኝ አሚቾ የላቸውም። ስንቃቸው ያለው በቅጠላቸው ነው፤ ሥር እንዲበቅል የሚያዝዘውም ኦክሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከቀንበጡ ጫፍ ተሠርቶ ወደ ታች ይወርዳል። ቀንበጡን ሁሉ የመለመለ ሰው ትእዛዙንም ስንቁንም ቆረጠ ማለት ነው። ሲተከሉ አብዝቶ መቁረጥ ለዛፎችም ጥቅም እንደሌለው በብዙ ሙከራ ታይቷል። እንደ እኔ አስተያየት፥ የቢጫዎቹንና የተሰበሩትን ቅጠሎች፥ አበባም ካለ አበባውን መቁረጥ ይበቃል። ጤና አዳምን የሚቆርጥ ሰው በነገራችን ላይ እጁን ይታጠብ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል።

ቅጠሉን ሳይቆርጡ ወጪውን የሚቀንሱበት ሌላ መንገድ አለ። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ የእሳት ራት ሙጭ ለማሳደግ በከደነው ጠርሙስ ውስጥ ሳያስበው ፈርንና ሣር በቅለው አገኘ። ውኃው ከአፈሩ ተንኖ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ ላብ ሆኖ ይወርዳል፤ አየሩ ስለ ረጠበ ቅጠሉ የሚያጣው ነገር የለም። በ1833 በእንዲህ ዓይነት የመስተዋት ሣጥን የተጫኑ ተክሎች እስከ አውስትራሊያ ወሮችን ተጉዘው በሕይወት ደረሱ። ከዚያ በፊት በመርከብ ከሚጫነው ተክል የሚበዛው በመንገድ ይሞት ነበር። የእኛው ቡና እንኳ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሲሻገር፥ እንደሚተረከው፥ ደ ክሊዩ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1723 ገደማ የሚጠጣውን ውኃ ከችግኟ ጋር እየተካፈለ ነው ያደረሳት። የዋርድ ሣጥን ለእኛ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታልና ሁለት እንጨት ነው። እንጨቶቹን በጣሳው ዳር ተክሎ ፌስታሉን ቅጠሉን ሳይነካ መልበስ፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታው መጠበቅ፥ ያለዚያ ይቀቀላል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከፈቱ በሁለተኛው ሳምንት ማውለቅ። በአንድ ጊዜ የገፈፉት እንደሆነ እንደ ገና ይጠወልጋል። ለእሬትና ለመሰሎቿ ግን ይህ ክልክል ነው። እሬት ከተነቀለች በኋላ ቁስሏ እንዲደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ውስጥ ሳትተከል ትቆይ፤ በደረቅ አፈር ትተከል፤ ውኃም እስከ አንድ ሳምንት አትቅመስ።

የቡና ችግኝ ላላቸው ደግሞ ይህን ልንገር። የቡና ዋና ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። በከረጢት ውስጥ ብዙ የቆየች ችግኝ ሥሯ ወለሉን ሲያገኝ ይታጠፍና ይጠመጠማል። እንዲሁ ከነጥምጥሙ ወደ ሌላ ዕቃ ወይም ወደ መሬት ብትዛወር አንድ ሁለት ዓመት ደኅና መስላ ኖራ ኋላ ትዳከማለች። ስለዚህ ከረጢቱ በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ የታጠፈው ጫፍ በስለት አንድ ጊዜ ይቆረጥ፤ የአፈሩ ጓል ግን አይበተን። በዘመቻ ጊዜ ከረጢቱን ሳያወልቅ የሚተክል ሰው አይጠፋም። ያ ችግኝ በምድር ውስጥ ቢሆንም ገና በእስር ቤት ነው።

መጠውለግ ሁሉ ከመዛወር የሚመጣ አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ ከአንድ ጣሳ ያልፋል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ዛንቶሞናስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ገለጹ። ይኸው በሽታ በ1974 በሙዝ ላይም መገኘቱ ተጻፈ፤ በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቶ ከዚያ ወዲህ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ እርሻ አጠፋ። የሚተላለፍበት አንዱ ዋና መንገድ ቢላዋ ነው፤ ሌላው ታሞ ያልታወቀበት ችግኝ ነው። ከመዛወር የጠወለገ እንሰት በመጀመሪያ የሚጥለው ውጪያዊውን አሮጌ ቅጠል ሲሆን የመካከሉ እምቡጥ ቆሞ ይቆያል። የታመመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመካከሉ ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፥ ይንጠለጠላል፤ የቅጠሉ እጀታ ሲቆረጥም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክሬም ወይም ቢጫ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ችግኝ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው እንደ ስጦታ ይዞ መሄድ የሰውን ጓሮ ማቃጠል ነው። የተቆረጠበት ቢላዋም ሌላ ተክል ከመንካቱ በፊት በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። ይህን የምለው ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ቤተ ሰብ በችግኝ ማዛወር ሥራ ላይ ሆኖ ልታገኙት ስለምትችሉ ነው።

ሌላው የሐዋሳ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሐሰተኛ ምልክት የቅጠል ጫፍ መድረቅ ነው። ቅጠሉ ሳይወድቅ፥ ተክሉም ሳይጠወልግ፥ ጫፉ ብቻ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ከደረቀ ነገሩ ከማዛወሩ ላይሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሰዎች ጥርስ ይመሰክራል። ድራሴና የሚባለው የቤት ተክልና ሸረሪት የምትመስለው ክሎሮፊተም ለፍሎራይድ እጅግ ስሱዎች ናቸው፤ በቅጠላቸው ጫፍ እያጠራቀሙት ያቃጥላቸዋል። የሐይቁም ውኃ ጨዋማነትና አልካላይነት ስላለው ለጣሳ አይመከርም፤ በጣሳ ውስጥ ውኃው ሲተን ጨው የሚሄድበት የለውምና። እንዲህ ያለ ተክል ያለው ሰው ዝናብ ሲዘንብ አንድ ጀሪካን ቢያጠራቅም ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ተክሉ ሲደክም ማዳበሪያ ይሰጠዋል፤ የታመመ ሰው ይብላ እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ማዳበሪያ ለተክል ምግብ ሳይሆን ጨው ነው። በተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ውኃው እንደሚወጣ ሁላችንም በካፌው አይተናል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ሲበዛ ከሥሩም ውኃውን እንደዚያው ይስበዋል። የተጎዳ ሥር ይህን አይችልም። ስለዚህ ተክሉ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ቅጠሉም እስኪዘረጋ ድረስ፥ ማለትም ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሳምንት፥ ማዳበሪያም ትኩስ ፍግም አይቅረበው። በዚህ ጊዜ አንድ ሁለት የታች ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ ተክሉ ከእነርሱ ያወጣውን ንጥረ ነገር ለአዲሱ ቀንበጥ እያዛወረ ነውና አያስደነግጥ። የሚጠበቀው ምልክት በጫፉ ላይ ነው።

ሥሩ በእርግጥ በስብሶ ከተገኘ ግን በዚያው አፈር ውስጥ መጠበቅ ጥቅም የለውም። ተክሉ ይውጣ፤ ጥቁርና ልምጥምጥ ሥሩ ሁሉ ነጭ እስኪገኝ በንጹሕ ስለት ይቆረጥ፤ አሮጌው አፈር ይጣል፤ ጣሳው ይታጠብ። ከዚያ በቀረው ሥር ልክ ወደ አነሰ ዕቃ፥ ፑሚሱ በበዛ እርጥብ አፈር፥ ግንዱ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት ሳያልፍ ይተከል። አንድ ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ከታች ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው ሁለት ጣት አፈር እስኪደርቅ አይጨመርበት። ምንም ነጭ ሥር ካልተረፈ ደግሞ ከላይ ያለውን ማዳን ነው። በሶብላ ከሆነች ጤነኛውን ቀንበጥ ከአንጓው በታች ቆርጦ፥ የታች ቅጠሎቹን አንሥቶ፥ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥላ ማቆም፤ ውኃውን በየሁለት ቀኑ መለወጥ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሥር ትጥላለች። ጤና አዳም በውኃ ውስጥ ሳይሆን በእርጥብ አሸዋ ብትተከል ይሻላታል፤ ጊዜም ትወስዳለች። ሥሩ የጣት ግማሽ ያህል ሲሆን ወደ አፈር ይዛወራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘገይ ሰው በውኃ ውስጥ የለመደውን ሥር እንደ ገና አፈር ለማስለመድ ይቸገራል።